ሳይታጠብ ይምጣ

አባቴ መኪና ጋራዥ ከመውሰዱ በፊት ያጥባል። ሰው ቤት በቆሸሸ ልብስ አይኬድም ባይ ነበር፤ ጋራዥም ለሱ ሰው ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኛ ሠፈር፣ ግቢያችን በር ላይ ቮልሷን ያቆማታል። እኔ በባልዲ ውሃ አመላልሳለሁ። ጎማው፣ ፓራፋንጎው፣ መስታወቱ፣ ሁሉም ይታሻል። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ጨመረ። የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ሞተሩንም በነጭ ጋዝና በብሩሽ ፈተገው። ዘይት ታንጠባጥብ ስለነበር እንዳታሳፍረው ብሎ ነው።

ጋራዡ ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነበር። ባለቤቱን ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ስለመኖሩም እጠራጠራለሁ። ቱታቸው ድሮ ሰማያዊ ሳይሆን አይቀርም። ኮፈኑን ከፈቱ። ዝም ብለው አዩ። ቀና ብለው ደግሞ አባቴን አዩት።

«ማነው ያጠባት?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ። ፊቱ ላይ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ ነበር።

«ታዲያ እኔ ምን ልይ?»

አባቴ ግራ ገባው።

«ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረኝ እድፉ ነበር። አሁን ሙሽራ አድርገህ አመጣህልኝ። ሙሽራ ደግሞ አታወራም። ሂዱ፣ ሦስት ቀን ንዷትና ሳትታጠብ ትምጣ።»

አባቴ እስከ ቤት ድረስ አላናገረኝም። ውሃ ያመላለስኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የጋራ ነበር መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ተመለስን። ጋሼ ባትሪ አብርተው ጎንበስ አሉ። አቧራ የያዘውን የዘይት መንገድ በጣታቸው ወደ ላይ እየተከተሉ ሄዱ። የጠፋ በሬ ዱካ የሚከተል ገበሬ ነው የሚመስሉት። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «እዚህ ጋ» አሉ። የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ነበር። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ይህን ነገር ከ30 ዓመት በላይ ረስቼው ኖሬያለሁ። ባለፈው ክረምት ነው ድንገት የመጣብኝ። ፒያሳ ላይ ዝናብ አባሮኝ አንድ ቡና ቤት ገባሁ። ማኪያቶዬን ይዤ ስልኬን ስነካካ ፖርሼ 917 ስለሚባል የውድድር መኪና ማንበብ ጀመርኩ። ዝናቡ አባራ፤ እኔ አልተነሳሁም። ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝኩ። ታሪኩ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፅ አውጥቼ ሳልስቅ አልቀረሁም፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ዞር ብለው አይተውኛል። ያን ሁሉ ገንዘብና ያን ሁሉ መሐንዲስ ያስቸገረው በሽታ የታወቀው መኪናው ስላልታጠበ ነው። ጋሼ ናቸው ፊቴ ላይ የመጡት።

(ከዚህ በኋላ ስለ መኪናው የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው። ሰዓቱ ግን የኛ ነው።)

ሌማን ፈረንሳይ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ባለቤቶቹ ስሟን ሲጠሩት የኛኑ «ለማ» ነው የሚመስለው። እዚያ በየዓመቱ መኪኖች 24 ሰዓት ሙሉ ይሽቀዳደማሉ። ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ቀን 10 ሰዓት ላይ ተለቀው እሑድ 10 ሰዓት ላይ ይቆማሉ። ሾፌሮቹ ይቀያየራሉ፤ መኪናው አይቀየርም። ሌሊቱ አለ፣ ጭጋጉ አለ፣ ዝናቡ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ያሸንፋል። ስለዚህ ፍጥነት ብቻውን ዋጋ የለውም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጋራዥ ቆሞ የሚጠገን ፈጣን መኪና በዝግተኛው ይቀደማል።

መንገዱ አንዱ ዙር 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አብዛኛው ክፍል በሌላው ቀን ሰው ወደ ሥራው የሚሄድበት ተራ አስፋልት ነው። መሀሉ ላይ በዚያን ዘመን 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ መንገድ ነበረ። የቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ እስከ ለገሃር ሁለት እጥፍ ቢሆን እንኳ አይደርስበትም። 917 ያንን በአንድ ደቂቃ አካባቢ ይጨርሰዋል። እኛ የቴዎድሮስ አደባባይን መብራት ለማለፍ ከዚያ በላይ እንቆማለን።

መኪናው የተወለደው ከደንብ ቀዳዳ ነው። የዓለም የመኪና ውድድር ደንብ አውጪዎች ፍጥነቱ በዛ ብለው ሰጉ። ከ1968 ጀምሮ ለውድድር ብቻ ተብለው የሚሠሩ መኪኖች ሞተራቸው ከ3 ሊትር እንዳይበልጥ ወሰኑ። በቁጥር በርከት ብሎ የተመረተ መኪና ግን እስከ 5 ሊትር ይፈቀድለታል አሉ። የተመረተ ማለት ቢያንስ 50 ነበር። ያን ያሉት የቆዩ መኪኖች ከውድድሩ እንዳይጠፉ ነው። ቆይተው ደግሞ 50ውን ወደ 25 አወረዱት። ባለ 5 ሊትር አዲስ የውድድር መኪና 25 ጊዜ የሚሠራ እብድ የለም ብለው ይሆናል።

እብዱ ተገኘ። ፈርዲናንድ ፒየሽ ይባላል። ያኔ ገና 31 ዓመቱ ነው፤ የፖርሼን የውድድር ሥራ ይመራል። የእናቱ አባት ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው። ቮልስን የነደፈው ሰውዬ ማለት ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ነው ማኪያቶዬ የቀዘቀዘው።

ቮልስ የነበረው ቤተሰብ ያውቃል፤ ቮልስ ውሃ አትጠጣም። ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚሽከረከር ማራገቢያ ነው። እንጦጦ ዳገት ላይ ሌላው መኪና ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት ሲተፋ እሷ እየተንኳኳች ታልፈዋለች። አባቴ እንዲህ ሲያልፍ ጥሩምባ ያሰማ ነበር። ለሰላምታ ነው ይላል።

የልጅ ልጁም የአያቱን መንገድ አለቀቀም። ሃንስ ሜዝገር የተባለው መሐንዲስ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ነደፈለት። ስድስቱ በግራ፣ ስድስቱ በቀኝ ተጋድመዋል። 4.5 ሊትር ነው። ጉልበቱ ከ500 ፈረስ በላይ ነው። ራዲያተር የለውም። ሞተሩ አናት ላይ አንድ ትልቅ ማራገቢያ በጀርባው ተኝቶ ይሽከረከራል። 12 ሲሊንደር ሲደረደር ክራንክሻፍቱ በጣም ይረዝማል፤ ረጅም ዘንግ ደግሞ በጉልበት ሲጠመዘዝ ይርገበገባል። ሜዝገር ጉልበቱን ከዘንጉ ጫፍ መውሰዱን ትቶ ከወገቡ ላይ በጥርስ ወሰደው። እንዲህ ያለውን መላ ጋሼ ቢያዩት ኖሮ ቆባቸውን ያወልቁ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልበል። ያ ሞተር እዚህ ቢመጣ እንደዚያ አያገሳም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ አየሯ ስስ ነው። ያለ ቱርቦ የሚተነፍስ ሞተር ወደ አንድ አምስተኛ ጉልበቱን እዚህ ያጣል። መቶ ፈረስ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ላይ በነፃ ይቀራል ማለት ነው። ከውጭ የገባ አሮጌ መኪና ካርቡሬተሩ እዚህ ካልተስተካከለ ጥቁር ጭስ የሚተፋውም ለዚህ ነው። ቤንዚኑ ያው፣ አየሩ ግን ያነሰ።

ክብደት ላይ ሲመጡ ደግሞ ሰዎቹ አብደዋል። የመኪናው አጽም በአሉሚኒየም ቱቦ የተበየደ ነው። 42 ኪሎ ይመዝናል፤ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አይሞላም። ቦዲው ፋይበርግላስ ነው። የማርሹ እጀታ ላይ ያለችው እንቡጥ ሳትቀር ከባልሳ ነው የተሠራችው፤ ቡሽ ከሚመስል ቀላል እንጨት። መኪናው ሲጠቃለል 800 ኪሎ ገደማ ነው። ቮልሳችንም ከዚያ ብዙም አትርቅም። የሷ ጉልበት ግን 40 ፈረስ አካባቢ ነው። 917ን የሚነዳው ሰው ደግሞ እግሩ ከፊት ጎማዎቹ መስመር አልፎ ነው የሚዘረጋው። ከአደጋ በፊት የሚደርሰው እግሩ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ቱቦዎቹ ውስጥ የሚሞላው ጋዝ ነው። በዚያ ቅጥነት የተበየደ ቱቦ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ቱቦውን ሁሉ በግፊት ጋዝ ሞልተው መለኪያ ገጠሙለት። ግፊቱ ወረደ ማለት የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው። የመንገድ ዳር ጎሚስታ ካላመዳሪውን ነፍቶ ውሃ ውስጥ ሲነክረው አይታችሁ የለ? አረፋው ከየት እንደሚወጣ ያያል። ሐሳቡ ያው ነው። የዓይን ሥራ ለአየር ይሰጣል።

መኪናው በማርች 1969 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ ታየ። ሥራው ከተጀመረ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ዋጋው 140,000 የጀርመን ማርክ ተባለ። ተቆጣጣሪዎቹ 25ቱን ሊቆጥሩ ሲመጡ መጀመሪያ ያገኙት ጥቂት የተገጣጠሙ መኪኖችና ክምር ዕቃ ነበር። ዕቃውን እንቁጠር አላሉም። ተገጣጥሞ ካላየን አሉ። ከዚያ ፋብሪካው ውስጥ እጁ የፈታ ሁሉ ቁልፍ ያዘ፤ የቢሮ ሠራተኛው ሳይቀር። በኤፕሪል 25 መኪና በአንድ ረድፍ ተሰለፈ። ፒየሽ «ደስ ያላችሁን መርጣችሁ ንዱት» ሲላቸው ማንም እሺ አላለም ይባላል። ደግም አደረጉ። ከሰልፉ ውስጥ የግቢውን በር የሚያልፈው ስንቱ እንደሆነ እንጃ።

እሺ፣ ሞተሩ አለ፣ ክብደቱ አለ፣ ቁጥሩም ሞላ። ችግሩ መኪናው መንገድ ላይ አልቀመጥ አለ።

በዝግታ ሲሄድ ደህና ነው። ፍጥነቱ ከፍ ሲል ግን ኋላው ይቀላል። ወዲህ ወዲያ ይላል። መንገዱ ቀጥ ያለ ሆኖ ሾፌሩ በመሪው ይታገላል። ዓለምን የዞሩ ደፋር ሾፌሮች ሌላ መኪና ስጡን አሉ፤ ከነሱ አብዛኞቹ ሞተሩ አነስ ያለውን ታላቅ ወንድሙን 908ን መረጡ። ሾፌር ፈራሁ ሲል መስማት አለብን ብዬ አምናለሁ። ሚኒባስ ላይም ቢሆን።

በጁን 1969 ሌማን ላይ ጆን ዉልፍ የተባለ እንግሊዛዊ በገዛ ገንዘቡ በገዛው 917 ተሰለፈ። በመጀመሪያው ዙር ወጥቶ ሞተ። ከፋብሪካው ሁለት መኪኖች አንዱ ለብዙ ሰዓት ሲመራ ቆይቶ ሊደርስ ሲል ተበላሸ። ያ ቀን ሌላም ነገር አለው። በድሮው ልማድ ሾፌሮች መንገዱን በሩጫ ተሻግረው መኪናቸው ውስጥ ዘለው ገብተው ነው የሚነሱት። ቀበቶ ለማሰር ጊዜ የለም። ጃኪ ኢክስ የሚባለው ወጣት ይህን ተቃውሞ እንደ እሑድ ሽርሽር በእርምጃ ተሻገረ። ተረጋግቶ ቀበቶውን አሰረ። መጨረሻ ተነሳ። በማግስቱ በ120 ሜትር ያህል ልዩነት አንደኛ ወጣ። የሩጫው ልማድ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ስለ ዉልፍ ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። መፍትሔው የተገኘው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። አራት ወር። መፍትሔውም ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ ላሜራ ነው። መኪናው ገና እንዳልዳነ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ግን ተሸጠ፣ ተሰለፈም። ይህን ከታሪኩ ላይ አጥቦ የሚያወራ ብዙ አድናቂ አለ። እኔ መኪናውን እወደዋለሁ፤ ይህን ግን አልወድለትም።

ኦክቶበር ላይ ኦስትሪያ፣ ዜልትቬግ ከተማ አጠገብ ባለው መወዳደሪያ መኪናው ለሙከራ ወጣ። ለቀጣዩ ዓመት ፖርሼ መኪናዎቹን እንዲያወዳድርለት የእንግሊዛዊውን የጆን ዋየርን ቡድን ቀጥሮ ነበር። በዚያ ቦታ ሁለት ዓይነት ሰው ተገናኘ። መኪናውን የሠሩትና መኪናውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት። የሠሩት ጥርጣሬያቸው እግሩ ላይ ነበር፤ ሞላውን፣ ሾክ አብዞርበሩን፣ ጎማውን ይቀያይራሉ። ቀየሩ፣ ተነዳ። ቀየሩ፣ ተነዳ። ለውጥ የለም።

እዚያው ሜዳ ላይ ጣሪያ የሌለው ሌላ 917 ነበር። ለአሜሪካ ውድድር የተሠራ ነው። ሞተሩ ያው፣ አጽሙም ያው። እሱ ግን አይወላገድም። ጭራው አጭርና ወደ ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ ከአንድ እናት የወጡ ሁለት ልጆች አንዱ ሲታመም አንዱ ደህና ከሆነ፣ ልዩነታቸው ልብሳቸው ላይ ነው።

ጆን ሆርስማን የዋየር ቡድን መሐንዲስ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ቦዲውን ዞሮ ዞሮ አየው። ወቅቱ መኸር ነው፤ ሜዳው ትንኝ በትንኝ ነበር። የመኪናው አፍንጫ በተጨፈለቀ ትንኝ ተሞልቷል። መስታወቱም እንደዚያው። ወደ ኋላ ሄዶ ጭራውን አየ። ጭራው ንጹሕ ነው። አንድም ትንኝ የለበትም። ጫፉ ላይ ያለው፣ አየሩን ተጭኖ መኪናውን ወደ መሬት ይገፋዋል የተባለው ከንፈርም ንጹሕ ነው።

ትንኝ ራሷ የምትፈልገው ቦታ የላትም፤ አየሩ የወሰዳት ነው የምትደርሰው። ጭራው ላይ ትንኝ ካልደረሰ አየርም አልደረሰም። መኪናው እንዲፈጥን ተብሎ ጭራው ረዝሞ ቁልቁል ነበር የተሠራው። በወረቀት ላይ ሲታይ ለአየር መንሸራተቻ ነው። አየሩ ግን ጣሪያውን ካለፈ በኋላ ቁልቁለቱን አልተከተለም። በላይ በላይ ሄደ። ከንፈሩ የሚጫነው ነገር አጥቶ በባዶ ቦታ ቆሟል። የኋላ ጎማዎቹን የሚጫንላቸው የለም። ክረምት ላይ ቸርችልን በጃንጥላ ወርዶ የሚያውቅ ሰው አየር ከላይ ሲሳብ እጅ ላይ ምን እንደሚሰማ ያውቃል። አውሮፕላን የሚነሳው በዚሁ ዘዴ ነው። በ300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና እንዲነሳ ግን ማንም አይፈልግም።

አንድ ረዳት ቀደም ብሎ በጨርቅ ወልውሎት ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ጎበዝ፣ ታታሪ ረዳት። እንደ አባቴ ያለ።

ከዚያ የሆነው የጋራዥ ሥራ ነው። ሆርስማንና መካኒኮቹ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ መቀስ፣ ሪቬትና ፕላስተር ይዘው ገቡ። ስሌት የለ፣ ስዕል የለ። ቁልቁል የነበረውን ጭራ በላሜራ ሸፍነው ወደ ላይ እንዲወጣ አደረጉት። አጭርና ቀና ያለ ሆነ። ሲጨርሱ መልኩ የተገጨ መኪና በጥድፊያ የተለጠፈ ነበር የሚመስለው። ብራያን ሬድማን ይዞት ወጣ። አንድ ዙር ሄዶ ይመለሳል የተባለው ሰው ሳይቆም ደጋግሞ ዞረ። ሲመለስ አሁን የውድድር መኪና ሆነ አለ። ቀጥ ያለው ላይ በፍጥነቱ ትንሽ ይከፍላል፤ የቆመ ጭራ አየር ይጎትታልና። ግን ሾፌሩ ሙሉ እግሩን መርገጥ ከቻለ ያንን በየመታጠፊያው ይመልሰዋል። ሰዓቱም በየዙሩ በሰከንዶች አሽቆለቆለ።

ያ የላሜራ ጭራ ተስተካክሎ በፋይበርግላስ ተሠራና አጭር ጭራ የሚባለው 917 ሆነ።

በጁን 1970 ሌማን ላይ ዝናብ ጣለ። የጣለውም በዋዛ አልነበረም። እንደኛ ነሐሴ በሉት። መጨረሻ ላይ በደንቡ ተቆጥረው ደረጃ ያገኙት መኪኖች 7 ብቻ ናቸው። አንደኛ የወጣው ቀይና ነጭ ቀለም ያለው ቁጥር 23 ነው። ሃንስ ሄርማንና ሪቻርድ አትዉድ ነዱት። ሲነሱ 15ኛ ነበሩ፤ አትዉድ ደግሞ ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር። እንዲህ ሆኖ ነው የነዳው። ለፖርሼ በሌማን የመጀመሪያው ጠቅላላ ድል ይኸው ነው። ሄርማን ካሸነፍኩ አቆማለሁ ብሎ ለሚስቱ ቃል ገብቶ ነበርና አቆመ።

ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነው። ቁጥር 23 የዋየር ቡድን መኪና አልነበረም። የፖርሼ ሳልዝቡርግ ነው። የዚያ ድርጅት እመቤት ሉዊዜ ፒየሽ ናት፤ የፈርዲናንድ ፒየሽ እናት፣ የቮልስ ነዳፊው ልጅ። ልጇ ፋብሪካውን ይዞ እንግሊዞችን ቀጠረ። እናትየዋ በጎን የራሷን ቡድን ይዛ መጥታ ዋንጫውን ወሰደች። የኛ ሠፈር እናቶች ይህን ሲሰሙ የሚስቁት ሳቅ ይታየኛል።

በ1971 ሄልሙት ማርኮና ኼይስ ፋን ሌኔፕ አጽሙ ከማግኒዚየም የተሠራ 917 ይዘው በ24 ሰዓት 5,335 ኪሎ ሜትር ሄዱ። ከለገሃር ጅቡቲ ይወስድ የነበረው የድሮው ሐዲድ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰባት ጊዜ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ በአንድ ቀን። ያ ርቀት እስከ 2010 ድረስ አልተሰበረም። ማግኒዚየም እሳት ከያዘው በውሃ የማይጠፋ ብረት መሆኑን ኬሚስትሪ የተማረ ያስታውሳል። ስለሱ ብዙ ማሰብ አልፈልግም።

በዚያው ዓመት አንዱ 917 ወፍራም ሆኖ ተሠራና ሮዝ ቀለም ተቀባ። ሰውነቱ ላይ እንደ ሥጋ ቤት ግድግዳ የአሳማ ብልቶች ተሰመሩበት፤ ስማቸውም ተጻፈ። እዚህ ቢሠራ ኖሮ አሳማው ቀርቶ በሬ ይሆን ነበር። ሻኛው ጣሪያው ላይ፣ ጎድኑ በሩ ላይ፣ ሽንጡ ሞተሩ ላይ። ሥጋ ቤቶች ስፖንሰር ለማድረግ ይሰለፉ ነበር።

1972 ሲመጣ የ5 ሊትሩ ቀዳዳ ተዘጋ። 917 አሜሪካ ሄዶ ቱርቦ ተገጠመለት፤ ጉልበቱ ከ1,000 ፈረስ አለፈ፤ እዚያም አሸነፈ። ፒየሽ ከዓመታት በኋላ የቮልስዋገን ኩባንያ አለቃ ሆነ። የአያቱ ቮልስ ኩባንያ።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ የጋሼ ግቢም አብሮ ሄደ። አሁን ልጃቸው ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ከፍቷል። እሳቸው 80 አልፏቸዋል። ጠዋት ጠዋት መጥተው በር ላይ ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሥራ አይሠሩም፣ ግን የሚገባውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይመረምራሉ። ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። የመኪናዬ ፍሬን ያፏጫል። እውነቱን ልናገር ካልኩ ፍሬኑ ሰበብ ነው፤ ያነበብኩትን ልነግራቸው ነው።

አስታወሱኝ። ማለቴ አባቴን አስታወሱ። «ሞተር አጣቢው» አሉ።

ስልኬን አውጥቼ የ917ን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። የሞተሩን ፎቶ ሲያዩ ማራገቢያው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ ቮልስ ነው እንዴ?»

«የቮልስ የልጅ ልጅ ነው፣ ጋሼ።»

«ውሃ አይጠጣም?»

«አይጠጣም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የትንኟን ታሪክ ነገርኳቸው። እኔ የሳቅኩበት ቦታ ላይ እሳቸው አልሳቁም። የታወቀ ነገር እንደሚሰማ ሰው ዝም ብለው ሰሙኝ። ጭራው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ ያልኩ ጊዜ ብቻ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ማነው ያየው? መካኒኩ ነው?»

«መሐንዲሱ ነው፣ ጋሼ።»

«መሐንዲሱ?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ጎበዝ ነው።»

ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። ፎቶውን እንዴት እንደሚያሰፉት አሳየኋቸው። ሙዚየም ውስጥ የተነሳ ፎቶ ነው፤ መኪናው መስታወት ይመስላል፣ የጣሪያው አምፖል ሁሉ ይታይበታል። አፍንጫውን አሰፉት። መስታወቱን አሰፉት። ወደ ጭራው ሄዱ፣ ወደ አፍንጫው ተመለሱ። የሆነ ነገር ይፈልጋሉ። ከዚያ ስልኩን መለሱልኝ።

«ይሄማ ታጥቧል።»